ሎሚ የዘፈነበት ቅዳሜ

ጥር 3 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል

ደሚቱ ዛሬ ጠዋት በብራያን ሎሪ ወደ ማርሳቢት ሄደች። ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ፣ እግሯን የብረት ሳጥኗ ላይ ጭና፣ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ስለ ወፉ ስታዘኝ ነበር።

"ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጠው። ውሃውን በየቀኑ ቀይር። አመሻሽ ላይ ጨርቅ አልብሰው።"

እጄን እንደ ፖሊስ ግንባሬ ላይ አድርጌ በስዋሂሊ "ንዲዮ፣ ማዳም! እሺ!" አልኳት። ብራያን ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ሎሪው መንቀሳቀስ ሲጀምር አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ "አጎቴ፣ ደግሞ አትቀልድበት። አርጅቷል" አለችኝ።

በወፍ ላይ ምን ይቀለዳል? ልጅቷ እኔን የማታውቀኝ ትመስላለች። ወይም በጣም ታውቀኛለች።

እናቷ፣ እህቴ ጃለቱ፣ አክስታችንን ልታስታምም ሐዋሳ ሄዳለች፤ መቼ እንደምትመለስ አይታወቅም። ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና ወፉ ሎሚ ነን። ሁለት ያላገቡ ሽማግሌዎች።

ጥር 7፣ እሑድ

ደወለች። ስልኩ የአዳሪ ቤቱ ተቆጣጣሪ የማትሮኗ ነው፤ እሑድ ከሰዓት ልጆቹ ተሰልፈው በየተራ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ያቺን ጥቂት ደቂቃ ለእኔና ለወፍ! "አሰማኝ" አለች። ሞባይሉን ከሽቦ ቤቱ አጠገብ ያዝኩት። ሎሚ አንድ ሁለት ጊዜ ጮኸና ተወው። እሷ ግን በደስታ "ይበቃል፣ ይበቃል፣ አታድክመው" አለች።

ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ሳለን አንዲት ፈረንጅ ነርስ ነበረች። ካምፑ ሲዘጋ ወደ አገሯ ስትመለስ ለሦስት ዓመቷ ደሚቱ ይህን ወፍ ሰጠቻት። ካናሪ ይባላል አለችን። ደሚቱ ቀለሙን አይታ ሎሚ አለችው፤ ሎሚ ሆኖ ቀረ። ከዋልዳ ይዘን ከወጣነው ሁሉ እስካሁን ያለው እሱ ብቻ ነው። ድስቱ ተበሳ፣ ብርድ ልብሱ አለቀ፣ የደሚቱ አባት ሞተ። ሎሚ ግን አለ። አንድ ዓይኑ ደፍርሷል፣ እግሩ እንደ ደረቅ ሥር ቅርፊት አውጥቷል፤ ጥፍሩን የምቆርጥለት ለሬዲዮ ሽቦ በምጠቀምበት መቁረጫ ነው።

ጥር 15

አቧራ። ውሃ የሚያመጣው የአህያ ጋሪ ዛሬም አልመጣም። ሰው ሁሉ ስለ ዝናብ ለመስማት ሬዲዮውን ያስጠግናል፤ እኔም በድርቁ ሥራ በዛልኝ። ይህን መጻፍ ራሱ ያሳፍራል።

ቆቲሌ የሚባሉ ሽማግሌ ከጎልቦ ሜዳ መጥተው ከሱቄ ጥላ ሥር መዋል ጀምረዋል። ከብቶቻቸው አልቀዋል። ስንት እንደነበሩ ማንም አይጠይቃቸውም። ለሎሚ የእንቁላል አስኳል ስፈረፍር ያዩኛል። ጀርባዬን ሰጥቼ መፈርፈር ጀምሬያለሁ።

ጥር 20፣ ቅዳሜ

ዛሬ እንደ ልማዳችን ከሱቁ ጀርባ ተሰብስበን ቃምን። ብራያን ከመንገድ ገብቷል፤ ከሜሩ የመጣ ጥሩ ሚራ፣ የኬንያ ጫት፣ ይዟል። ስድስት ነበርን። ሬዲዮው የሚያወራው ስለሞቱ ከብቶች ብቻ ስለሆነ ዘጋነው።

ጨዋታው ደርቶ ሳለ ሎሚ ዘፈነ። ዘፈነ ስል፣ ዘፈነ! ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እስከ መግሪብ አዛን ድረስ አላቆመም። ደረቱን ነፍቶ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፤ አንዱን ዘንግ ለቆ ሌላው ላይ ይዘላል፣ ይመለሳል። ብራያን ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። "ይሄማ መርቅኗል!" ሲል ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። እኔም እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ምን እንደነካው እንጃ። ደስ ብሎታል መሰለኝ።

ጥር 21፣ እሑድ

ጠዋት ጨርቁን ስገልጥ ሎሚ ዘንጉ ላይ የለም። ከታች አሸዋው ላይ ነው፤ ላባው ተነፍቷል፣ አንድ ክንፉ ወድቋል። ዓይኑ ይከደናል፣ ይገለጣል።

ሙቀት ነው። ትናንት ቆርቆሮው እንደ እሳት ይፋጅ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ደሚቱ ደወለች። "አሰማኝ" አለች። ወፉን አየሁት። ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አፏጨሁ። ሎሚን ማስመሰል እችልበታለሁ። ትንሽ ልጅ ሳለች ከበር ጀርባ ተደብቄ እንደሱ ሳፏጭ፣ ወፉ ያመለጠ መስሏት ግቢውን ሁሉ እያለቀሰች ትዞር ነበር። ያን ጊዜም ስስቅ ነበር።

"ውይ! ይሄን ሁሉ ዛሬ ዘፈነ?"

"ምን ታውቂያለሽ፣ ወጣት ሆኗል።"

ከኋላዋ ያሉትን ልጆች "ስሙ፣ ስሙ" ስትል ሰማኋት። እኔም ደገምኩላቸው።

ነገ ይሻለዋል። ከተሻለው ማንም ማወቅ የለበትም።

ጥር 22

አልበላም። ዳጉሳውን ዞር ብሎ አላየውም።

ጥር 23

የከብት ሐኪሙ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። በሩ ላይ የጎልቦና የጎዶማ ሰዎች ተሰልፈዋል። በእግሯ የቆመች ፍየል አላየሁም፤ ሁሉም ፍየሉን ተሸክሞ ነው የመጣው። እኔ ወፍ ይዤ ቆምኩ።

ሐኪሙ "ምን በላ?" አለኝ።

"እንደ ወትሮው።"

"ወንድሜ፣ እኔ የተማርኩት ግመልና ፍየል ነው። ውሃ ስጠው።"

ስወጣ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ "ሰው ለልጁ ውሃ አጥቶ፣ ይሄ ወፍ ያስታምማል" ስትል ሰማሁ። ዞር አላልኩም።

ጥር 26

ሬዲዮ መጠገን ያስተማረኝ የለም። አንዱን ፈትቼ አበላሸሁት፣ ሁለተኛውን ፈትቼ ሠራሁት። ፊደልም እንዲሁ ነው፤ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ እየለቀምኩ። በሕይወቴ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት አበላሽቼ ነው። ወፍ ግን ፈትተህ መልሰህ አትገጥመውም።

ዛሬ በሻይ ማንኪያ ውሃ ላጠጣው ስታገል ቆቲሌ ከጥላው ተነሥተው መጡ።

"አንተ ባለ ሬዲዮ፣ ልትገድለው ነው?"

"ምን ላድርግ፣ አባ? እምቢ አለኝ።"

"አንገቱን አታቅናው። ውሃው ወደ ሳንባው ይገባል። እናቱ የሞተችበት ጥጃም እንዲህ አይጠጣም።"

ከዓይን መድኃኒት ጠርሙስ ማንጠብጠቢያውን ነቅለን አጠብን። እሳቸው ሎሚን በመዳፋቸው ያዙት፤ ያ ግመል የሚጎትት እጅ ላባውን እንኳ አልተጫነውም። ከምንቃሩ ጎን አንድ ጠብታ። ጠብቅ። ሲውጥ፣ ሌላ። ውሃ ላይ ትንሽ ስኳር።

ሲጨርሱ "ምን አግኝቶት ነው?" አሉኝ።

"ሙቀት" አልኩ።

ወደ ሰማይ አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎልቦ ሜዳ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ጥር 28፣ እሑድ

አፏጨሁላት። አጠር አድርጌ።

ሻይ ቤት ስገባ፣ ገና ሳልቀመጥ፣ "ያ ቃሚ ወፍህ እንዴት ነው?" አሉኝ። ከተማው ሁሉ ሰምቷል። አውራልን አሉኝ፤ አወራሁ። እምቢ ማለት ይቻል ነበር። ግን ሰው ሊስቅ አፉን ከፈት አድርጎ ሲጠብቀኝ ዝም ማለት አልችልም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ወንበር ላይ ቆሜ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ክንፌን አራገብኩ። ወፉ "ኧረ ለስላሳ አምጡልኝ" አለ ብዬ ጨመርኩበት። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ሰዎቹ እንባቸውን ጠረጉ፤ የሻዬን ሂሳብም ከፈሉልኝ።

ቤት ስገባ ሎሚ እዚያው አሸዋው ላይ ነው።

ለካ እዚህ ደብተር ላይ ስለ ቅጠሉ አልጻፍኩም። አዎ፣ ያን ቅዳሜ አንድ ሰው ለሎሚ ትንሽ የሚራ ቅጠል ሰጥቶት ነበር። ትንሽ ናት።

የካቲት 1

ብራያን ነገ ወደ ማርሳቢት ጭኖ ይሄዳል። ለደሚቱ ስኳር፣ ሳሙናና የራስ ቅባት ላክሁላት። "ስለ ወፉ ምንም እንዳትላት" ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ለምን ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?

የካቲት 5፣ እሑድ

ዛሬ "አሰማኝ" ከማለቷ በፊት ጠየቀችኝ።

"ምን እየበላ ነው?"

"ዳጉሳ፣ አስኳል፣ ሱኩማ ጎመን።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን ይበላል? የሩዝ ፒላው ልሥራለት?"

"ከዚህ ሌላ የሰጠኸው ነገር የለም?"

"የለም።"

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ "ሀሎ፣ ሀሎ" አልኩ። "አለሁ" አለች። "እሺ፣ ይዝፈንልኝ።" አፏጨሁ። በጣም አሳምሬ አፏጨሁ። ስጨርስ በቀጭን ድምፅ "አመሰግናለሁ፣ አጎቴ" አለችኝ።

ብርድ ይዟት ይሆናል። ማርሳቢት ብርዳም ነው።

የካቲት 8

"አንድ ሰው" ብዬ ጽፌያለሁ። እኔ ነኝ።

"ሙቀት" ብዬም ጽፌያለሁ፤ ሁለት ጊዜ። ሙቀት አይደለም። ስድስታችንም እንደዚያ ባለ ሙቀት ውስጥ ተቀምጠን ነበር፤ ሎሚም አሥራ ሦስት በጋ አልፎበታል።

ቅጠሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ደሚቱ ይህን ከሎሪው መስኮት ላይ አስቀድማ ያየችው ይመስለኛል። በሕይወቷ አንድ ነገር ለመነችኝ።

የካቲት 12፣ እሑድ

ያው።

የካቲት 15

በቀን ስምንት ጊዜ አጠጣዋለሁ። ሲነጋ አንድ፣ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት አንድ፤ የቀረውን ሱቅ ውስጥ። ደንበኛ ሬዲዮውን ይዞ ቆሞ ይጠብቃል። አንዱ "ለሚስቱ እንዲህ ቢሆን ኖሮ አግብቶ ነበር" አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር።

ብራያን ቅዳሜ ሚራውን ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆሜ አሞኛል አልኩት። "ምንህን?" አለኝ።

የካቲት 19፣ እሑድ

"አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎች ይመጣሉ?" አለችኝ ደሚቱ።

"አይመጡም።"

"ለምን?"

"ሙቀቱ ነዋ፣ ደሚ። ማን ከቤቱ ይወጣል?"

"እዚህም አንዳንድ ጊዜ ወሬ ይደርሰናል" አለች።

"የምን ወሬ?"

"የሞያሌ ወሬ። ብዙ ከብት አለቀ አይደል?"

"አለቀ" አልኳት። እፎይ አልኩ። ስለ ከብት ሞት ስታወራኝ እፎይ ያልኩ ሰው ነኝ።

መጋቢት 3፣ እሑድ

ዛሬ "እንዲዘፍን አታድርገው፣ ይረፍ። ዝም ብለህ ስለ እሱ ንገረኝ" አለችኝ።

ማፏጨት ይቀላል ለካ። ስለ አስኳሉ አወራሁ። ስለ ጥፍሩ አወራሁ። የጎረቤት ዶሮዎች ሎሚን ሊያገቡት ሽማግሌ ላኩ ብዬ ቀለድኩ። ከኋላዋ የተሰለፈችው ልጅ "ጨርሺ እንጂ" ስትላት ይሰማኛል።

"ሌላ የምትነግረኝ አለ፣ አጎቴ?"

"ሌላ ምን አለ?"

ዘጋችው። ወይም መስመሩ ተቆረጠ። ኔትወርኩ ሰሞኑን ልክ አይደለም።

መጋቢት 12

ሎሚ ዛሬ ከአሸዋው ተነሥቶ ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ አድርጌ ያሰርኩለት ዘንግ ላይ ቆመ! ቆቲሌን ጠርቼ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። "እኔ ያዳንኩት አንድ እሱን ነው ዘንድሮ" አሉ። ሳቅ የሚመስል ነገር ፊታቸው ላይ አየሁ። እኔ ግን ከፊታቸው ሸሸሁ።

አይዘፍንም። ክንፉ አልተመለሰም። አንገቱ ሥር ያለው ላባ ረግፎ ሮዝ ቆዳው ይታያል።

መጋቢት 18

ጃለቱ ተመለሰች፤ አክስታችን ተሽሏታል። ጉምሩኩን እንዳለፈች ነው መሰለኝ የሰማችው። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ወደ ሽቦ ቤቱ ሄደች።

"ለልጄ ነገርካት?"

"በስልክ ይነገራል እንዴ? ፈተና ላይ ናት። ስትመጣ እነግራታለሁ።"

"ለከተማው ሁሉ ነግረሃል።"

"እሱ... ጨዋታ ነው።"

"እሷ በምን ልትሰማው ነው? በጨዋታ?"

አንድ ብሎን ልፈልግ ብዬ ከጠረጴዛ ሥር ገባሁ፤ እስክትወጣ ድረስም እዚያው ቆየሁ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

መጋቢት 23

ዘነበ። መንገዱ ወንዝ ሆነ፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። ቆቲሌ ለማንም ሳይናገሩ ወደ ጎልቦ ሄደዋል። ምን ይዘው እንደሚጀምሩ እንጃ።

ደሚቱ በሚቀጥለው ሳምንት ትመጣለች። የምላትን ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ሳነበው ሁለት ቦታ ላይ ያስቃል። ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩ፤ አሁንም አንድ ቦታ ላይ ያስቃል።

መጋቢት 30

መጣች። ሎሪውን ጭቃ ይዞት ነበርና የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ረዝማለች። ጉንጬን ሳመችኝ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሎሚ። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ክንፉን፣ አንገቱን። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ወረቀት ላይ የጻፍኩት ሁሉ ጠፋኝ።

"አየሽ ደሚ፣ ዘንድሮ ሙቀቱ..." አልኩ።

"አጎቴ።"

"አቤት።"

"ብራያን ነግሮኛል። ስኳሩን ያመጣልኝ ዕለት፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ። የማውቅ መስሎት እየሳቀ ነው የነገረኝ። ጓደኞቼም ሰሙ።"

በየካቲት መጀመሪያ ነው። አሰብኩት። ከዚያ ወዲህ ያሉትን እሑዶች ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኳቸው።

"ስምንት እሑድ ጠየቅኩህ" አለች። አልጮኸችም። "ዛሬ ይነግረኛል እያልኩ ነበር የምሰለፈው። አንተ ታፏጫለህ።"

"ፉጨቱንም አውቀሽው ነበር?"

"ሎሚ ያንን ከፍ የሚለውን መዝፈን ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። አላስተዋልክም? መጀመሪያ ቀን የምር መስሎኝ ነበር። ለልጆቹ ሁሉ ወፌ እንደገና ወጣት ሆነ አልኳቸው።"

አንድ ቤት ውስጥ ከእሱ ጋር ኖሬ አላስተዋልኩም። እኔ የማስመስለው የዱሮውን ነበር።

"ለእነሱ የነገርካቸውን አሁን ለእኔ ንገረኝ" አለች። "ሳትቀልድ።"

ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ቅጠሉ እንዲለሰልስ መጀመሪያ እኔ አኘክሁት። አፉን በሁለት ጣቴ ከፍቼ አስገባሁበት፤ ሲተፋው ደገምኩት። ሰዎቹ እንዲስቁልኝ ነው።

ሻይ ቤት ግማሽ ሰዓት የፈጀው ወሬ ሳይቀለድ ሲነገር ይህን ያህል ብቻ ነው።

ጃለቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አንገቷን ደፍታ ገባች። ደሚቱ የሽቦ ቤቱን በሁለት እጇ አንሥታ ወደ እናቷ ክፍል ወሰደችው፤ በሩንም ዘጋችው። ማንጠብጠቢያውንም ወስዳዋለች።

ሚያዝያ 1፣ እሑድ

ሲነጋጋ በሬ ተንኳኳ። ደሚቱ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ እኔን ሳይሆን የበሩን መቃን ነው የምታየው።

"ከእኔ እጅ አይጠጣም" አለች። "ከማማም አይጠጣም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ፊቱን ያዞራል።"

ተከትያት ሄድኩ። ማንጠብጠቢያውን ስትሰጠኝ ጣቷ ጣቴን እንዳይነካ ተጠንቅቃ ነው።

ሎሚ ጥግ ላይ ተኮማትሮ ነበር። ገና ሳልጠጋው፣ ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ በደህናው ዓይኑ ዞሮ ፈለገኝ። በዘንጉ ላይ እየተንፏቀቀ ወደ እኔ መጣ፤ ያንን ክንፉን እየጎተተ። ከዚያ ምንቃሩን ከፈተልኝ። በጣም ሰፊ አድርጎ። ያን ቅዳሜ በሁለት ጣቴ የከፈትኩትን አፍ።

ቢነክሰኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ምን ያውቃል።

ደሚቱ አጠገቤ ቆማ ሁሉን ታያለች። አንድ ጠብታ። ጠበቅኩ፣ ዋጠ። ሁለተኛውን ቸኩዬ ስጨምር ውሃው ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ደሚቱ ጎንበስ ብላ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት።

"ቀስ በል" አለችኝ። በሩ ላይ ካነጋገረችኝ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ለእኔ።

እሱ አሁንም አፉን ከፍቶ እኔን ይጠብቃል።